ጣቶቼን ያተረፈችልኝ ነርስ

ሰሞኑን ለምርመራ ከሄድኩበት ሆስፒታል ወረቀት መጣ። የልጄ ልጅ ሩት አነበበችልኝ። «እማማ፣ ሕክምናው እንዴት ነበር? ከአንድ እስከ አሥር ስጪ ይላል» አለችኝ። «አሥር በይ» አልኳት። «ለምን እንደሆነ ጻፊ የሚል ቦታም አለው» ብላ አሳየችኝ፤ ሁለት መስመር ናት። እኔ ደግሞ ወሬ ከጀመርኩ ሁለት መስመር መች ይበቃኛል! «እሱን ተይውና በኮምፒውተርሽ ጻፊልኝ» አልኳት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ፊደሉ ከተሳሳተ የሷ ነው፣ ከዋሸሁ የኔ ነው።

አሥር ያሰኘኝ ነገር የሆነው ግን ድሮ፣ በወጣትነቴ ነው። ሩት ትስቃለች፤ አርባ ሦስት ዓመት ወጣትነት ነው ወይ ትላለች። ሰባ ሊሞላሽ ሲል ይገባሻል።

ያኔ እዚሁ በሰው አገር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባል ሰፈር፣ ረጃጅሙ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፣ እኔና የሩት እናት ሰላም። ሰላም የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። በሥራ ቀን ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ቤቴ ሹሩባ እሠራለሁ። አልባሶ ያማራት ሁሉ እኔ ጋ ነው የምትመጣው። ከከተማው ዳር ከኤደን ፕሬሪ ድረስ ድራይቭ አድርገው ይመጡ ነበር። ፊደል ባላውቅ እጄ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ጡቴ ላይ እብጠት ተገኘ። አወጡልኝና ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ቀጠሉልኝ። በየሳምንቱ ሄጄ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ መድኃኒቱ በደም ሥሬ ይንጠባጠባል፣ ሲያልቅ ወደ ቤቴ። አዳር የለም። ባቡሩ ገና አልተዘረጋም፤ በባስ ነው። በረዶው ላይ እግሬን ሳላነሳ እየጎተትኩ እሄዳለሁ። ፀጉሬ ረገፈ። የሰው ፀጉር እየጎነጎንኩ የኔው መርገፉ ራሴንም ያስቀኝ ነበር። የምበላው ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል፤ ሽሮው ራሱ ማንኪያ የምልስ ይመስለኛል። የሚስማማኝ ሐብሐብ ብቻ ነበር፤ በዚያ ብርድ ሐብሐብ ፍለጋ!

ነርሷ ካረን ትባላለች። ጠና ያለች ሴት ናት፣ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ የሚል። ገና ስቀመጥ ከማሞቂያ የወጣ ብርድ ልብስ ታለብሰኛለች፣ እንደ ዳቦ ትኩስ። ከዚያ በአስተርጓሚዋ በአልማዝ በኩል፣ «እንዴት ነሽ? የሚሰማሽ ነገር አለ?» ትለኛለች። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። አልማዝ ትተረጉማለች፣ ካረን ትጽፋለች።

ደህና አልነበርኩም። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ፣ ኋላ እስከ መዳፌ። ግን ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ሌላ ምን ይባላል? እናቴ ነፍሷ ሊወጣ ሲል እንኳ ለጎረቤት እግዚአብሔር ይመስገን ነው ያለችው። ደግሞስ፣ ይህን ሁሉ የሚያደርጉልኝን ሰዎች ጣቴ ደነዘዘ ብዬ ላማርር? ነውር መሰለኝ። መድኃኒቱን ቢያቆሙብኝስ ብዬም ፈራሁ።

ሰላም ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ «እማዬ፣ ሹሩባዬ ተፈታ» ትለኛለች።

«ፀጉርሽ ለስልሶ ነው።»

«ድሮም ለስላሳ ነው እኮ!»

ደንበኞቼን አሞኛል እያልኩ መለስኩ። ፀጉሩን ይዤ መያዜ አይታወቀኝም። ይኼ እጅ ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ እያልኩ፣ ለማንም አልተነፈስኩም።

አንድ ቀን ኬሞው አልቆ ኮቴን ለበስኩና ዚፑ አልያዝ አለኝ። እንዳያዩኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ካረን አይታኛለች። መጥታ አልዘጋችልኝም፤ ቁጭ አደረገችኝ። ልትወጣ የነበረችውን አልማዝን ጠራቻት።

«ዛሬ ጠዋት ይኼን ማን ዘጋልሽ?» አለች።

«ልጄ።»

«ጫማሽንስ ማን አሰረልሽ?»

«ልጄ።»

አልማዝ ተርጉማ ስታበቃ ወደኔ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ እኔ ከአፍሽ የወጣውን ብቻ ነው የምተረጉመው። በናትሽ አውጪው።»

ካረን ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱን እጆቼን እንድዘረጋ አደረገችኝ። «ሳንቲምና ቁልፍ ነው፤ የትኛው በየትኛው እጅሽ እንዳለ ንገሪኝ።»

እኔ እጠብቃለሁ። «ታዲያ አታስቀምጥም እንዴ?» አልኩ።

አልማዝ «ዓይንሽን ግለጪ» አለችኝ። ስገልጥ ሳንቲሙም ቁልፉም እጆቼ ላይ ናቸው።

አለቀስኩ። ካረን አልተቆጣችኝም። ጣቶቼን በሁለት እጇ ይዛ በእጄ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ሹሩባውን ነገርኳት፤ የሰላምን ፀጉርም፣ የመለስኳቸውን ሴቶችም። ወንበሩን ለሌላ በሽተኛ ይፈልጉታል፣ እሷ ግን እስክጨርስ አልተነሳችም። ከዚያ ሐኪሙን ጠራችው። ያደነዘዘኝ መድኃኒቱ ነው፤ በዚያው ቢቀጥል ጣቶቼ ላይመለሱ ይችሉ ነበር አለ። «መድኃኒቱ ሊቀርብኝ ነው?» አልኩት። «አይቀርም፤ አንድ ሳምንት ታርፊና እንቀንሰዋለን።»

ከዚያ ወዲያ ካረን እንዴት ነሽ ብላኝ አታውቅም። «በዚህ ሳምንት ምን አቃተሽ?» ነው የምትለኝ። እኔም የጠርሙስ ክዳን፣ የጆሮ ጌጥ፣ መርፌ እያልኩ እዘረግፋለሁ። አልማዝ፣ «እትዬ፣ አሁንስ ምላሴ ዛለ!» ትለኛለች።

በመጨረሻው ቀን በረዶው ቀልጦ ነበር። ጣቶቼም መንቃት ጀምረዋል። ካረንን ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳትና ያንን አጭር ሽበቷን ሁለት መስመር ሠራሁላት። ጠማማ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ሆና ስትሠራ ዋለች አሉኝ።

አሁን የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ብቻ እንደተኛ ቀርቷል፤ ለሱ ግድ የለኝም። የሩትንም ፀጉር አሳድጌበታለሁ። ባለፈው እሁድ ዉድበሪ የሚባል ሰፈር ሄጄ አንዲት የሰበካችንን ሴት ጠየቅኩ፤ ያንኑ ሕክምና ጀምራለች። እንዴት ነሽ ስላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለችኝ።

«አሜን፣ ይመስገን» አልኳት። እኔም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ ማመስገኑ መቼም አይቀርም። ከዚያ ወንበሬን ሳብ አደረግኩና፣ «በይ አሁን፣ በዚህ ሳምንት ምን አቃተሽ?» አልኳት።

ልጆቿ እንዳይሰሙ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ነገረችኝ።