ቤዝ ጊታር የያዘው እጅ

ቪሲዲ ማጫወቻ ደብረ ማርቆስ በገባ ሰሞን እኔም እንደ ሰው አንድ ገዛሁ። ሌላው ሕንድ ፊልም ሲያይበት እኔ የድሮ የሙዚቃ ዝግጅቶችን እየሰበሰብሁ ቤዝ ጊታር ማደን ያዝሁ። ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው፤ ጊታር ነክቼ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን ከዘፋኙ ኋላ፣ ድንግዝግዝ ውስጥ፣ አንገቱ የረዘመ መሣሪያ የታቀፈ ሰው አየሁና ዓይኔ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አይታየኝም። መቃኛዎቹ አራቱም በአንድ ወገን ተደርድረዋል ወይስ ሁለት ሁለት ተከፍለዋል? ሆዱ ቫዮሊን የሚመስል ካጋጠመኝማ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። ችግሬ የዚያ ዘመን ካሜራ አንሺዎች ነበሩ። መጀመሪያ ዘፋኙን ያሳያሉ፤ እሱ ሲሰለቻቸው የተወዛዋዦቹን እግር፤ እግሩም ሲያልቅ መድረኩ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን የፕላስቲክ አበባ። ቤዝ የሚመታው ሰው ከአበባውም በኋላ ተራ አይደርሰውም።

ባለቤቴ ተመረረች። «ዘፋኟን ብታይ እንኳ ቀንቼ ለጎረቤት የማወራው አገኝ ነበር» አለችኝ። «እንጨት የሚያይ ባል ይዤ ለማን ልክሰስ?»

አከራያችን ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ትንሽ አዩና «ይህ ባለ አራት አውታሩ ምን ይባላል?» አሉኝ።

«ቤዝ ይባላል፣ የኔታ።»

«ቤዝ...» ብለው አሰቡ። «ቤዛ ብትለው ይሻላል። ሌላው እንዲደምቅ እሱ ጨለማ ውስጥ ቆሟል።»

በማግስቱ በዚሁ ቃል ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ዘረፉ አሉ። ተማሪዎቹም ሰሙን ጭራሽ ሳያውቁት ወርቁን አውጥተውታል።

እንዲህ ስንኖር አንድ ቅዳሜ ጥቁርና ነጭ ቀረጻ እያየሁ ካሜራው ከዘፋኙ ወደ አበባው ሲሄድ መንገድ ሳተና አንድ ቤዝ ጊታር ላይ ዐረፈ። ከሆዱ ጫፍ ሾልኮ የወጣው የጊታሩ ቀንድ ተሰብሮ በቆርቆሮ ተጠግኗል። የሚመታው ሰው ፊት አይታይም፤ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። ትንሿ ጣቱ ታጥፋ የቀረች ናት።

ጣቷን አወቅኋት። ገበያ መግቢያው ላይ ሱሪዬን የሚያሳጥሩልኝ ልብስ ሰፊ ጣት ናት።

እኚህ ሰው «በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ እመታ ነበር፤ አዲስ አበባ ሄደን በቴሌቪዥን ታይቻለሁ» እያሉ ሲናገሩ ኖረዋል። የሚያምናቸው አልነበረም። የገበያው ሰው በፊታቸው «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ቴሌቪዥኑ» ይላቸዋል።

እየሮጥሁ ሄድሁ። «ጋሼ፣ አየሁዎት!»

«የት?»

«በቴሌቪዥን!»

መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ፊቴን አየኸው?»

«አይ... እጅዎን ነው።»

«እንግዲያው አላየኸኝም» አሉና መቀሳቸውን መልሰው አነሡ።

እኔ ግን አልተውሁም። አብዛኛው ክርክር በሚፈረድበት ሻይ ቤት ሲዲውን አስከፈትሁ። ሰው ተሰበሰበ። ማንም ባይቀጥረውም በየነገሩ የሚሟገት አንድ ጠበቃ ነበረን፤ ተነሣና «ጣት ማስረጃ አይሆንም» አለ። «ከሉማሜ እስከ ደምበጫ ስንት የታጠፈ ጣት አለ? ከሆነ ጊታሩ ይቅረብ!»

የቡድኑ ዕቃ ቡድኑ ሲበተን የት እንደገባ ልብስ ሰፊው ያውቁ ነበር፤ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት መጋዘን ነው። ጠበቃው፣ እሳቸውና እኔ ተያይዘን ሄድን።

«ጊታር የሚባል የለንም» አለ ዕቃ ቤት ኃላፊው። «የኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ ግን አንድ አለ።»

ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር አወጣልን። አረንጓዴ ነው! ከበላይ አካል ጉብኝት በፊት ግቢው ሲቀባ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ በበር ቀለም ተቀብቷል። ከጊታሩ ቀለም ያመለጠች ቦታ የለችም።

ልብስ ሰፊው ከኪሳቸው መቀስ አውጥተው ቀንዱን በጫፉ ይፍቁ ጀመር። ቀለሙ እየተላጠ ወረደ፤ ቆርቆሮው ብቅ አለ። «የሳርዲን ጣሳ ነው» አሉ። «አዲስ አበባ ስንሄድ መኪና ላይ ተሰበረብኝና በልተን በጨረስነው ጣሳ ጠገንሁት።»

ጠበቃው ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን አየ፤ ጣታቸውን አየ። «ይግባኝ የለኝም» አለ።

አውታር የሌለውን ጊታር አንገታቸው ላይ ሲያደርጉት እኔ አላስችል አለኝ። በዚያ ቀረጻ ላይ ስለሚሰማው ወፍራም ድምፅ ለሰው ሳወራ ነው የከረምሁት። «ጋሼ፣ ያን የመሰለ ድምፅ እንዴት አወጡት?»

«የቱን ድምፅ?» አሉ ገርሟቸው። «ዘፈኑ እኮ ሌሎች ተጫውተው ቀድሞ የተቀዳ ነው። እኛ ከቴፑ ጋር እጃችንን እናንቀሳቅሳለን። የእኔ ገመድ የተሰካው ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ጠበቃው ነቃ አለ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያታልሉን ነበር?»

«ታይቻለሁ አልሁ እንጂ ተሰምቻለሁ መቼ አልሁ?»

መሥሪያ ቤቱ ወሬውን ሲሰማ ጊታሩ ቅርስ መሆኑ ተገለጠለት። አረንጓዴውን እንደ ያዘ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ዘመናዊ ክራር» ብሎ ጻፈበት። ልብስ ሰፊው አውታር ገጥመው ሊሞክሩት ቢጠይቁ «ቅርስ አይነካም» ተባሉ። «ስትቀቡትስ?» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባለቤታቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ትዳር ከያዙ ጀምሮ ይህን ነገር ሲሰሙ የኖሩ፣ አንድም ቀን ያላመኑ ሴት ናቸው። ሲዲውን ከፈትሁና እጁ ላይ ሲደርስ ምስሉን አቆምሁት። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ፤ ብዙ ቆዩ።

«እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። ልብስ ሰፊው በረጅሙ ተነፈሱ። ሴትዮዋ ግን አልጨረሱም። «ጥፍርህ እንዴት አምሮ ተቆርጧል! እኔ ያኔ አላገባሁህም፤ ማን ይቆርጥልህ ነበር?»

«ቡ... ቡድኑ» አሉ።

«ቡድኑ!»

ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። ባልና ሚስቱ እየተጨቃጨቁ ወጡ፤ ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር።

ሰኞ በሱቁ ሳልፍ ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ባለቤቴ ነው፤ በቴሌቪዥን ታይቷል፤ አላምንም ያለ መምህሩን ይጠይቅ» ይላሉ። እሳቸው አቀርቅረው ይሰፋሉ።