ከሰሌዳው ላይ የጠረግሁት

የልጅ ልጄ አልኮረጀችም። ኮርጃለች ተብሎ ግን በሞጣ ትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ እየተሰቀለ፣ የሁለት ከተማ ተማሪ በቆመበት ተነግሯል። ሐሰት በአደባባይ ተነግሮ እውነት በጓዳ ቢቀር ፍርድ አይባልም። እኔ ከአባቴ ፊደልና ዳዊት ከመማሬ ያለፈ ትምህርት የለኝም። ቢሆንም የሰሙት ሁሉ በሕይወት ሳሉ ነገሩ እንደ ሆነው ተጽፎ እንዲቀመጥ ብዬ ብዕር አንስቻለሁ።

ልጅቷን ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ነን። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ በወሊድ ሞተችብን። ባለቤቴ እዚሁ ቢቸና አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። የቅኔ ተማሪ አዋዋሉን ለማያውቅ ልንገር። ጠዋት ብቻውን ወደ ሜዳ ይወጣል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል። ያፈርሳል፣ ይጠግናል። ሲመሽ መምህሩ ፊት ቆሞ ያለቀውን ብቻ ይናገራል። ሲያፈርስና ሲጠግን የዋለውን ይዞ የቀረበ እንደ ሆነ "ሊጡን ይዞ መጣ" ይሉና ይስቁበታል። ልጅቷ ሴት ናትና ከተማሪዎቹ መካከል አትቀመጥም፤ ከበሩ ኋላ ሆና ግን ሁሉን ትሰማ ነበር።

ከተማው ትምህርት ቤት ስትገባ ቁጥር ወደደች፤ አያያዟ ግን ያው የአያቷ ደጅ አያያዝ ነው። ባለቤቴ ከማረፋቸው በፊት አንድ ሳንቃ ፍቀው፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠው ቀቡና ሰሌዳ ሠሩላት። ሳንቃውን በቁጥር ትሞላዋለች፤ እኔ እርጥብ ጨርቅ ይዤ እጠርገዋለሁ። "መልሱን ብቻ ደብተርሽ ላይ ጻፊ፤ ያልበሰለ አይቀርብም" እላታለሁ። ይህን ቃል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። የሌላውን ስህተት ጽፌ የራሴን ብተው ሚዛን አጎደልኩ ማለት ነውና ይህም ይጻፍ።

የመጨረሻው ክፍል ስትደርስ የሂሳብ መምህሯ ቤቴ ድረስ መጣ። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው።

"እሜቴ፣ ይህች ልጅ ምህንድስና መማር አለባት" አለኝ።

"ምህንድስና ምንድን ነው?"

"መንገድ መቀየስ፣ ድልድይ መሥራት፣ ውኃ መገደብ።"

"እኛ በየክረምቱ ወንዝ ሰው እየወሰደብን ድልድይ የሚሠራ አጥተናል" አልኩት።

"እንግዲያማ ትማራ!"

ነገሩን አስረዳኝ። ዩኒቨርሲቲው ለምህንድስና የሚያስገባበት የራሱ ፈተና አለው፤ ፈተናው አዲስ አበባ ነው። ከሁለቱ ከተማ ግን የሚላኩት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። እነሱን ለመምረጥ የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች ሞጣ ላይ አንድ ፈተና በአንድነት ይቀመጣሉ። የልጅቷ ስም ከሦስቱ ውስጥ ካልገባ የምህንድስናው ነገር አበቃ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረውም። መምህሩ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ያለፉ ፈተናዎች አሰባስቦ ሰጣት። እሷም ሁለቱን መደብ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ታስተያያቸዋለች። አንድ ቀን ጥጥ ስፈትል ጠራችኝ።

"እምዬ፣ ነገር አገኘሁ። የእኛዎቹ 'ስንት ነው?' ብለው ይጠይቃሉ። የሞጣዎቹ ግን 'እንዴት ነው?' ይላሉ።"

"ሁለቱም የሚፈልጉት መልስ ነው" አልኋት። "መልሱን ስጫቸው።"

እንዲህ ብዬ ሳንቃውን ጠረግሁ።

ሞጣ ሄዳ በስድስተኛው ቀን ከጓደኞቿ ጋር ተመለሰች። አላለቀሰችም። እግሯን ታጠበች፣ ውኃ ጠጣች፣ ከዚያ "እምዬ፣ ኮርጃለች አሉኝ" አለች። በሰልፉ ላይ የሞጣው ዲሬክተር "ከቢቸና የመጣች አንዲት ልጅ ከጎረቤቷ መልስ ገልብጣለች፤ ውጤቷ ተሰርዟል" ሲል ተማሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ከቢቸና የሄደች ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ እሷን አስከትዬ የእህል ጭነት መኪና ጠየቅሁ። ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"እሜቴ፣ ለጸበል ነው ለሙግት?"

"ለሙግት።"

"እንግዲያው ጋቢና ይግቡ። ተሟጋች ከኋላ ተቀምጦ እህሌን ያነቅዝብኛል!"

መኪናው የደረሰው እስከ ደብረ ወርቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተቆርጧል። በበቅሎና በእግር ሁለት ቀን ሄድን። ጾም ነበር። ጉልበቴ ቁልቁለቱን ሲያይ ገና ይታመም ጀመር። ልጅቷ "እንመለስ እምዬ፣ ተይው" ስትለኝ "አንቺ ብትተይው እኔ አልተወውም" አልኋት። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሞጣ ስንደርስ ዘበኛው ከበር መለሰን። "ዲሬክተሩ ሥራ ላይ ናቸው። የመሬት ነገር ከሆነ ፍርድ ቤቱ ወደ ታች ነው" አለኝ።

"የመሬትማ ቢሆን ዳኛ አላጣም ነበር" አልኩና ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሙሉ ተቀመጥን። በማግስቱም እስከ እኩለ ቀን ተቀመጥን። ዲሬክተሩ ለምሳ ሲወጣ አየኝና ለዘበኛው "እኚህ እናት ማናቸው?" አለው። በዚህ ገባን።

ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ተቀምጦ ወረቀቷን አወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ አልጮኸብኝም።

"ይመልከቱ እሜቴ። ሃያ ጥያቄ፣ ሃያ መልስ፤ ሁሉም ትክክል። የሠራችበት መንገድ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ብዙውን እንደሷ መልሷል፤ እሱ ግን መንገዱን ጽፏል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይፈርዱ ነበር?"

"መጀመሪያ እጠይቃት ነበር። ጠየቅሃት?"

አንተ ማለቴን ያወቅሁት ካመለጠኝ በኋላ ነው፤ አላረምኩትም።

"አልጠየቅኋትም" አለ።

"ሌባ እንኳ ይጠየቃል። ይችውና ቆማለች፤ ጠይቃት።"

ጥቂት አሰበና ሜትር ይዞ ወደ ሜዳው አወጣን። "እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከባንዲራው እንጨት አጠገብ ይቁሙ" አለኝ። ቁመቴን ለካ።

"ከነሻሼ ነው የምትለካኝ?"

"ሻሹን ቀንሼ ነው እሜቴ" አለና ፈገግ አለ። ጥላዬን ለካ፤ የእንጨቱንም ጥላ ለካ። ተማሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ይስቃሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ "እንጨቱ ስንት ሜትር ነው?" አላት።

ነጠላዋን ተከናንባ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። አያቷ ደጅ የነበሩት ተማሪዎች በዓይኔ መጡብኝ። ዲሬክተሩ ሜትሩን ጠቅልሎ ሳይጨርስ መልሱን ተናገረች። እሱ ወረቀት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሠራው። ቆየ። የወጣለት ያው የእሷ መልስ ነው፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

ክፍል ውስጥ አስገባን። ከፈተናው ጥያቄዎች ከባዱን መርጦ "መልሱን አልፈልግም፤ የሄድሽበትን ንገሪኝ" አላት። እሷም እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ተማሪ ለመምህሩ ቅኔ እንደሚናገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረደችው። እሱ በጠመኔ ይከተላታል። ጥቁር ሰሌዳው ሞላ።

"ይህን ሁሉ ይዘሽ ለምን አልጻፍሽም?"

"ያልበሰለ ማቅረብ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ቤትም ሳንቃዬ ሁልጊዜ ይጠረጋል።"

"ማን ነው የሚጠርገው?"

አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኝ" አልኩት።

 ከዚያ "በል እንግዲህ ስሟን ጻፍ" አልኩት። ጠመኔውን አስቀመጠ።

"እሜቴ፣ የሦስቱ ስም ትናንት ከሰዓት በፖስታ ሄዷል።"

ትናንት ከሰዓት እኔ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። ፖስታውን የያዘው ሰው በፊቴ አልፎ ይሆናል፤ ምናልባትም ጤና ይስጥልኝ ብዬ አሳልፌዋለሁ።

ዲሬክተሩ የሚገባውን አደረገ ማለት አለብኝ። በማግስቱ ጠዋት በሰልፉ ላይ "ያቺ ልጅ አልኮረጀችም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ" ብሎ ተናገረ፤ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ሐሰቱን የሰሙት የቢቸና ተማሪዎች ያን ጊዜ ቤታቸው ናቸው፤ ዛሬም በገበያ ስታልፍ የሚጠቋቆሙባት አሉ። ወደ አዲስ አበባም ስሟ እንዲጨመር ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ በቢቸናው መምህር በኩል ይደርሳችኋል አለን።

ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ጨርቄን አላነሳሁም። ሳንቃው ሲሞላባት በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፋለች፤ ከመደቡ ራስጌ እስከ ጓዳው በር ድረስ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ጎረቤት ሲገባ "ቤትሽን ምን አገኘው?" ይለኛል። "እየበሰለ ነው" እላለሁ። የአዲስ አበባው ፈተና የሚሰጥበት ሳምንት መጣ፣ አለፈም። ስለ እሱ አልተነጋገርንም። እሷ መጻፏን ቀጠለች፤ እኔም ጥጤን ፈተልኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ሊያነብልኝ ሲል ተቀበልሁት፤ ለእኔ የተላከውን እኔ አነበዋለሁ አልኩ። ፊደሉን እየለቀምሁ ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ልጅቷ ጠመኔዋን እንደያዘች ቆማ ሰማች።

"ተማሪዋ ያለ አግባብ መሰረዟን ተረድተናል። ይሁን እንጂ የዘንድሮው ቦታ ሞልቷል። በሚመጣው ዓመት ያለ ሌላ መምረጫ ፈተና በቀጥታ ቀርባ እንድትፈተን ተፈቅዶላታል፤ አሠራሯን ግን መጻፍ ይኖርባታል።"