የዲፈረንሻሉ ዘይትና የአባቴ ቅዳሜ

የፒካፓችን የኋላ ጎማዎች የሚዞሩበት ዲፈረንሻል ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረው ከመግዛታችንም በፊት ሳይሆን አይቀርም። ቦሌ በተከራየነው ግቢ ሲሚንቶው ላይ ጥቁር እድፍ ሠርቶ ነበር፤ አከራያችን ባዩት ቁጥር ፊታቸው ቅጭም ይላል። እኔ ግን እወደው ነበር፤ አባቴን የሚያመጣልኝ እሱ ነበራ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ዕድሜውን በጭነት መኪና የጨረሰ ሰው ነው። በእሱ ወግ፣ የተዳረች ልጅ ቤት ያለ ጉዳይ አይኬድም። ባሌን እስካሁን አንቱ ነው የሚለው። ለዒድ ይመጣል፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ "ጠግቤ ነው" ይላል፣ ይሄዳል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጉርድ ሾላ ብቻውን ነው የሚኖረው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አንድ ቀንማ አለቀስኩበት፤ "አብሽሪ፣ እመጣለሁ" ብሎ ይቀራል። ያናድደኝ ነበር፤ ናፍቆቱ ግን ከንዴቱ ይብስ ነበር።

አንድ ዒድ አባቴ ከቤት ሊወጣ ሲል እድፉን አየና ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ አለ። በጣቱ ነክቶ አሸተተ።

"የዲፈረንሻሉ ነው። ካለቀ ውስጡ ያለው ጥርስ ይበላላል፤ እየተሞላ ከተነዳ ግን ችግር የለውም። ቅዳሜ እመጣለሁ" አለ።

መጣም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ከታክሲ ይወርዳል። ካርቶን ያነጥፋል፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ከሥር ይገባል፣ በጎን ያለውን ቡሎን ይፈታል፣ ጣቱን ወደ ቀዳዳው ይሰዳል። ጣቱ ዘይት ካላገኘ፣ ከቀዳዳው መልሶ እስኪፈስ ይሞላል። ታጥቦ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ሶፋው ላይ ደገፍ ብሎ ያወራል፣ ምሳ ሲቀርብ "ጨምሪበት እንጂ" ይላል። ሠርቶ ነዋ የሚበላው!

ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ አንዳንዴ ያቃጥለኛል። "ሽማግሌ ሰው ሲሚንቶ ላይ እያስተኛን እስከ መቼ?" ብሎ፣ ሳይነግረኝ መኪናዋን ሃያ ሁለት አካባቢ ጋራዥ አስገባት። ዘይቱን የሚያሾልከውን የዲፈረንሻሉን የጎማ ማሸጊያ አስቀይሮ፣ ከሥር አሳጥቦ፣ ደስ እንዲለኝ ይዞልኝ መጣ።

"አባቴን አስቀረህብኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ግራ ገብቶት አፈጠጠብኝ።

ቅዳሜ አባቴ ካርቶኑን አነጠፈ፣ ገባ፣ ብዙ ቆየ። ሲወጣ አንድ ጣቱ ብቻ ነበር የቆሸሸው።

"አሠርታችሁታል" አለ።

"አዎ አባባ፣ እርስዎ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው" አለ ባሌ።

"ደግ አደረጉ።"

ከልቡ ነበር ያለው። ምሳ ቀርቧል ስለው "ጠግቤ ነው" አለና ዘይቱን ይዞ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። ስደውል "ደህና ነኝ፣ አብሽሪ" ይለኛል።

ለባሌ ያኔ ነው የገባው። ስልኩን አነሳና፣ "አባባ፣ መኪናዋ ከኋላ አንድ ድምፅ አምጥታለች፤ ቢያዩልን" አለ። ምንም ድምፅ የለም። ውሸት የማይሆንለት ሰው ስለሆነ ስልኩን ሲዘጋ ላብ አጥምቆት ነበር።

አባቴ በማግስቱ ጠዋት ከች አለ። ባሌ እየነዳ፣ ሦስታችንም እስከ ጉርድ ሾላ ሄደን ተመለስን። አባቴ ሬዲዮውን አስጠፍቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ዕድሜ ልኩን ከሞተር ጋር የኖረ ጆሮ ነው፤ እንዴት ይታለላል? እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ፊት ፊቱን አያለሁ። ምንም የለም ካለ፣ ወደ ቤቱ የምሸኘው ለመጨረሻ ጊዜ መሰለኝ።

ግቢ ገብተን ስንቆም መጀመሪያ ባሌን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"ይሰማል" አለ። "ስስ ስለሆነ ጋራዦች አይሰሙትም። በየሳምንቱ መታየት አለበት።"

በሩን ከፍቶ ሲወርድ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ እጁን አፈፍ አድርጌ ወደ ቤት አስገባሁት።