ውሻው የነከሰው ከዘራ

ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከተደረግሁ በኋላ ከሆስፒታል የአሉሚኒየም ምርኩዝ ሰጥተውኝ ነበር። ቀላል ነው፣ ይስተካከላል፣ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን እናቴ ቤት ሄጄ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የአባባን ከዘራ አወጣሁ። ወይራ ነው፤ አናቱ ቆልመም ያለ፣ ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ። ወገቡን ስዳብሰው የጥርስ ጉድጓዶቹ እዚያው አሉ። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ዛሬም ቫዝሊን ቫዝሊን ይላል።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ከአገር ቤት፣ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ወደሚገኘው አፓርታማችን ሲመጡ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ሥራ ላይ ስለምትሆን ከትምህርት ቤት ባስ ስወርድ የሚቀበሉኝ እሳቸው ሆኑ። ዘነበም አልዘነበም ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን አንጠልጥለውበት ይጠብቁኛል። ሾፌሯ እጇን ስታወዛውዝላቸው ከዘራውን ያወርዱና፣ ኮፍያቸውን አንስተው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ይነሳሉ። ባሱ ውስጥ ያሉት ልጆች በሙሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ያዩዋቸው ነበር። ከዚያ እስከ ቤት ያለው መንገድ፣ በእርጥብ ጥድ ሽታ መሃል እያወራን የምንሄደው፣ የቀኑ ሁሉ ደስታዬ ነበር።

ከዘራውን አገር ቤት ቅቤ ይቀቡት ነበር አሉ። እዚህ የእናቴን ቫዝሊን አገኙለት። እናቴ ጠዋት ፊቷን ልትቀባ ስትል እቃው ባዶ ነው። "አባዬ፣ ደግሞ ጨረሱት?" ስትላቸው፣ "ታዲያ ይድረቅ?" ይሏታል።

ዋናው ጭቅጭቅ ግን የቫዝሊኑ አልነበረም። "አባዬ፣ እዚህ አገር ዱላ ይዞ መሄድ ሰው ያስፈራል። አንዱ ፖሊስ ኮል ቢያደርግስ? ምን ብለው ሊያስረዱ ነው?" ትላቸዋለች። ከፋርማሲ ታቹ ባለ አራት እግር የሆነ ምርኩዝ ገዝታ አመጣችላቸው። አባባ አገላብጠው አዩትና "ይሄማ ወንበር ነው" ብለው በረንዳ ላይ አቆሙት። በመጨረሻ እናቴ ቆረጠች። ከዘራው ቤት ካልቀረ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከባስ የምትቀበለኝ ጎረቤታችን ትሆናለች። አባባም ያለ ከዘራቸው ከበር አልወጣም አሉ። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ መሃል ላይ የምትቀረው እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከባስ ወርጄ አብረን ስንሄድ፣ ጥግ ላይ ካለው ቤት አጥር አንድ ትልቅ ግራጫ ውሻ ሾልኮ ወጣና እየጮኸ መጣብን። አባባ እሳቸው አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው ድንጋይ የሚያነሱ መሰሉ። እሳቸው እንደሚሉት የአገራቸው ውሻ ይቺን ካየ ጭራውን ሸጉጦ ይፈረጥጣል። የስካይዌይ ውሻ ግን ከኳስ በስተቀር የወረወረበት ሰው ስለሌለ ጭራሽ ባሰበት። ለነገሩ የሚነሳ ድንጋይም አልነበረም፤ ሣርና አስፋልት ብቻ።

"ከኋላዬ!" አሉኝ። እንዲህ ጮኸው ሰምቻቸው አላውቅም። ከዘራውን ያነሱታል ስል በሁለት እጃቸው አግድም ይዘው ለውሻው አቀረቡለት። ውሻው የከዘራውን ወገብ ግጥም አድርጎ ነከሰው። አባባ አልመቱትም፣ አልተጓተቱትም። እንዲነክስ ተዉትና በጀርባቸው እኔን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ገፉኝ። ኮታቸውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ፊቴን እርጥቡ ሱፍ ውስጥ ደብቄ፣ ጥርሱ እንጨቱን ሲፍቅ እሰማለሁ። የውሻው ባለቤት በካልሲው እየሮጠ መጥቶ አንገቱን ይዞ አስለቀቀውና ይቅርታ ያዘንብ ጀመር። አባባ ምን አደረጉ? ከዘራውን ዝቅ፣ ኮፍያውን ከፍ አድርገው እጅ ነሱት!

ማታ እናቴ ጉድጓዶቹን በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ የእኔን ክንድ ይዛ እሱንም ዳበሰች። በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ትልቁን ቫዝሊን ገዝታ አባባ አልጋ አጠገብ አስቀመጠችው። የጎረቤቷ ነገርም በዚያው ቀረ።

ያን ቅዳሜ አባባ የመጥረጊያ እንጨት አስይዘውኝ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አሠለጠኑኝ። "አትምቺ። ካነሳሽው ሰውነትሽ ይገለጣል። ፊት ለፊትሽ አድርጊውና ሊነክስ የመጣ እሱን ይንከስ። ከሁሉ በፊት ግን ደካማው የት እንዳለ እይና ከኋላሽ አድርጊው።" ድንጋዩስ ስላቸው ሳቁ። "እሱን ተይው፤ የዚህ አገሮቹ አልተማሩም።"

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ቤልቪው ከተማ ቢሮ ሥራ ገብቼ፣ ባለቤቴ ቁልፌ ላይ ያንጠለጠለልኝን አጥቂ ዓይን ላይ የሚረጭ በርበሬ ይዤ የምዞር ሰው ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት ከልጄ ከሶልያና ጋር ከኮሎምቢያ ሲቲ ባቡር ጣቢያ ወጥተን ስንሄድ፣ ከባለቤቱ ያመለጠ ውሻ ገመዱን እየጎተተ ወደ እኛ ሮጠ። በርበሬው ትዝም አላለኝ። ምን ልሠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? ላጎነብስ! እዚህ ያደግሁ ሴት፣ በሕይወቴ ውሻ ላይ ድንጋይ ወርውሬ የማላውቅ። ደግነቱ የታሰረው ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ያኔ እጆቼ ከዘራውን አግድም ያዙ፤ ሶልያናም ከኋላዬ ነበረች። ውሻው እንጨቱን አሽትቶ ቆመ። ምናልባት ቫዝሊኑ ሸቶት ይሆናል።

ሶልያና ይሄን ማን እንዳስተማረኝ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ቤት እስክንደርስ ነገርኳት። ያኔ በአባባ ጀርባ ተከልዬ ምንም አይታየኝም ነበር፤ አሁን ሳስበው ከፊታቸው የነበረውን ሁሉ እሳቸው አዩልኝ። አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በሕይወት እያሉ በደንብ ያላልኩት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሶልያናን የመጥረጊያ እንጨት አስይዤ ጓሮ አወጣኋት፤ ትንሽ ወንድሟም ተከትሎን ወጣ። ከዘራዬን ተደግፌ፣ ውሻ ሆኜ እየጮህኩ መጣሁባት። እንጨቱን ትዘረጋለች ብዬ ስጠብቅ፣ መጀመሪያ ዞር ብላ ትንሽ ወንድሟን በእጇ ፈለገችውና ከኋላዋ አደረገችው።