ማስቀደም የማያውቅ በር

ሰው ፊት ላይ በር መዝጋት ነውር መሆኑን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም። ታላቅ ሲመጣ ገለል ይባላል፣ በሩ በክንድ ይያዛል፣ «ይቅደሙ» ይባላል። ታላቅየውም «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ይላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለስን በኋላ አንዳችን ተሸንፈን እንገባለን። ይህ ወግ አንድ ቀን ከማሽን ጋር ያጣላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጦርነቱ ሳይመጣ ካርቱም ውስጥ በአየር ማረፊያው የሻንጣ ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ተሳፋሪ የሚያስረክበው ሻንጣ በጎማ ቀበቶ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፣ ይፈተሻል፣ በጋሪ ተጭኖ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳል። የእኔ ሥራ በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል አቧራ መጥረግ ነው። አዳራሹ መስኮት የለውም። ውጭ ሃቡብ ተነስቶ ከተማው በአሸዋ ቢሸፈን እንኳ እኛ የምናውቀው ሠራተኞቹ ቅንድባቸው ቀልቶ ሲገቡ ስናይ ብቻ ነው። በየቀኑ አንድ ሺህ ሻንጣ ሲሄድ እያየሁ እኔ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ከተከራየሁት ክፍል እስከዚያ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ እስከ ክፍሌ እመላለሳለሁ። በሻንጣ እቀና ነበር፤ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነው፣ ግን እውነት ነው።

ሥራውን ያገኙልኝ እትዬ ናቸው። ሃምሳን ያለፉ የጎንደር ሴት፣ ካርቱም ከገቡ ሃያ ዓመት የዘለላቸው። ባዳዬ ናቸው፤ ነገር ግን እናቴ ብትሆን ከዚያ በላይ አታደርግልኝም ነበር። ፓስፖርታችን የጽዳት ካምፓኒው ቢሮ ውስጥ ተቆልፏል፣ ኢቃማችን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በካምፓኒው ስም የወጣ ነው። ካምፓኒው ያባረረው ሰው ኢቃማው ይሰረዛል። ኢቃማ የሌለው ሰው ደግሞ ፖሊስ ባየ ቁጥር ግድግዳ ታኮ ይሄዳል፤ በቃኝ፣ አገሬ ልግባ ቢልም የመውጫ ፈቃድ አይሰጡትም። መኖርም መሄድም የለም። ይህን ያስረዱኝ እትዬ ናቸው፣ ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን፤ ከዚያም መጥረጊያውን ሰጡኝ።

ድሮ የሻንጣ ክፍሉ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር፤ አፉ በተሰነጠቀ ባልዲ ተደግፎ ይውላል። ከዕለታት አንድ ቀን ደህንነቱ ይሻሻል ተባለና ቴክኒሻኖች መጡ። ባልዲውን ጥለው ከባድ የብረት በር ገጠሙ፤ መሃሉ ላይ ከመዳፍ የማይሰፋ መስታወት አለው። ጎኑ ላይ መብራት ያለው ትንሽ ሳጥን ሰቀሉ። ለእያንዳንዳችንም አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው ቢጣቃ ታደለን፤ ካርድ ነው። ሲገባም ሲወጣም ማስነካት ግድ ነው። አረንጓዴ ከበራ ይከፈታል፣ ቀይ ከበራ አይከፈትም። ሙዲሩ፣ ማለትም አለቃችን፣ ሰበሰበንና ጣቱን አንስቶ «ዋሂድ፣ ዋሂድ!» አለን። አንድ፣ አንድ ማለቱ ነው። አንዱ በከፈተው ሌላው አይገባም። ማሽኑ ማን ውስጥ እንዳለ፣ ማን ውጭ እንዳለ ይቆጥራል።

በመጀመሪያው ቀን እኔ ካርዴን አስነካሁና በሩን ይዤ ገለል አልኩ።

«ይቅደሙ፣ እትዬ።»

«ኧረ አንቺ ቅደሚ፣ እጅሽ ሙሉ ነው።»

«አይሆንም፣ እርስዎ እያሉ!»

«በሞቴ ግቢ!»

እንዲህ እየተባባልን ሳለ በሩ መጮህ ጀመረ። ለካ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ተከፍቶ ከቆየ ይጮሃል። ዘበኛው ሮጦ መጣና እኛን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እትዬ ግን ተቆጡ። «እንዴት ያለ ባለጌ በር ነው!» አሉ፤ ለበሩ ነው የተናገሩት።

ከዚያ በኋላ መከራከሩን ተውነው፤ በር መያዙን ግን እጄ አልተወውም። በረመዳን አንድ ቀን እኔ በከፈትኩት በር እትዬ ካርዳቸውን ሳያስነኩ ገቡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሥራ ጨርሰን መውጫው ጋ ደረስን። እኔ አስነካሁ፣ ወጣሁ፣ በሩ ተዘጋ። እሳቸው አስነኩ፤ ቀይ። ደግመው አስነኩ፤ ቀይ። ሠራተኛው ሁሉ ለማፍጠር ወጥቷል፣ ቀበቶው ቆሟል፣ ዘበኛውም ምግቡ ጋ ነው። እትዬ በዚያ ባዶ አዳራሽ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ድምፅ አይሰማም። መጀመሪያ ፈገግ አሉልኝ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው አጠፉት፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን ራሴ የታሰርኩ ይመስል የብረቱን በር በጡጫ መታሁት።

ዘበኛው ቴምር እያኘከ መጣ። የኮምፒውተሩን ሰሌዳ አየና «ማሽኑ ውስጥ የለችም ይላል» አለ። ገብተው ካርድ ስላላስነኩ ለማሽኑ ውጭ ናቸው፤ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ ሊወጣ አይችልም። ዘበኛው በራሱ ካርድ ከፈተ። ስነግራቸው እትዬ «ታዲያ እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ማን ነኝ?» አሉ። ዘበኛው ቴምር ሰጠን። «ማሌሽ» አለን፣ ይቅርታ። እንደዚያም ሆኖ ነገሩ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፏል። በማግስቱ ሙዲሩ ጠርቶ ማስጠንቀቂያ አስፈረመኝ፤ ለእትዬ ሳይሆን ለእኔ፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና። ዳግመኛ ለሌላ ሰው በር ከከፈትሽ ካርድሽን እወስዳለሁ፣ ወደ ካምፓኒሽ እመልስሻለሁ አለኝ። ወደ ካምፓኒው መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እትዬ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

እትዬ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ ከአማርኛው ዐረብኛው የሚቀናት። በዚያ ዓመት ከእናቷ ተጣልታ ነበር። አውስትራሊያ ካለ አበሻ ጋር በስልክ ተዋውቃ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ እናቷ ሳይጠየቁ ቀለበት አሰረች። እትዬ «ሽማግሌ ያልላከ ሰው ልጄን ሳይሆን ዕቃ ነው የወሰደ» አሉ። ልጅቱም ቤቱን ትታ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ጓደኛዋ ቤት ገባች። ሁለት ወር አልተነጋገሩም። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለውን ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት፤ እናትየው ቀን ቀን ይስቃሉ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ግን በድንገት ይፈዛሉ።

አንድ ቀን ልጅቱ ደወለችልኝ።

«እህቴ፣ ረቡዕ እሄዳለሁ። ማማን በያት። ውጪ በር የሱ ዘመዶች አሉ፣ ማማ እነሱን ማየት አትፈልግም፣ ታውቂያለሽ። እኔ ትልቅ ካርቶን አለኝ፣ ኤክስሬይ ጋ ራሴ አመጣዋለሁ። እዚያ ትምጣ። ከመጣች ይቅር አለችኝ ማለት ነው። ካልመጣች፣ ኻላስ፣ አበቃ።»

ትልልቅ ዕቃ ያለው ተሳፋሪ ከሻንጣ ክፍሉ ጫፍ ካለው የመፈተሻ መስኮት ድረስ ራሱ ያመጣል። ከቀበቶው ወዲህ እኛ፣ ከቀበቶው ወዲያ ተሳፋሪው፤ እጅ ለእጅ ያገናኛል። ለእትዬ ነገርኳቸው። «ትሂድ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት» አሉ፣ ምርቃቱን እንደ እርግማን ከጥርሳቸው መሃል እየጣሉት።

ረቡዕ እስከ ቀትር እንደ ማንኛውም ቀን ሲጠርጉ ቆዩ። ቀትር ላይ ሁለታችንም በሁለት እጃችን የቆሸሸ ውሃ ባልዲ ይዘን ወጣን። እኔ ካርዴን በአፌ ይዤ አስነካሁ፣ በሩን በዳሌዬ ገፋሁ፣ «ይለፉ» አልኩ፤ አለፉ። በሩ ወዲያው ተዘጋ፣ አልጮኸም፣ ልብም አላልነውም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ከዚያ ራሴን አሞኛል ብለው ዕረፍት ክፍል ቀሩ፤ እኔ ብቻዬን ተመልሼ ገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ልጅቱ በመፈተሻው መስኮት ብቅ አለች። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ከካርቶኑ ኋላ ቆማ አንገቷን እያሰገገች አዳራሹን ታስሳለች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈና አልፎኝ ሄደ፤ የምትፈልገው እኔን አይደለም። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

ዞርኩ። በመስታወቱ እትዬን አየኋቸው። ልብሳቸውን ቀይረዋል፣ የክት ነጠላቸውን ለብሰዋል። መጥተዋል። ካርዳቸውን ሲያስነኩ ቀይ በራ። ደግመው አስነኩ፤ ቀይ። ወዲያው ገባኝ። ቀትር ላይ እኔ በከፈትኩት በር ስለወጡ ለማሽኑ ገና ውስጥ ናቸው፤ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሊገባ አይችልም።

ዘበኛው ጋሪዎቹ በሚወጡበት በኩል ከሹፌር ጋር ይጨቃጨቃል፤ ሮጬ ብለምነው «አንድ ደቂቃ» አለኝ። ስልካችንን ጠዋት አስረክበን ስለምንገባ ልደውል አልችልም። ተመልሼ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩን የሚያየው ካሜራ ከበላዬ ነው። ካርዴን ያዝኩ። ኢቃማዬን አሰብኩ፣ ፓስፖርቴን አሰብኩ፣ እትዬን ያሰብኩት ሦስተኛ ነው። ከዚያ እንደምንም አስነካሁት። አረንጓዴ በራ። ገፋሁት።

በሩ አልንቀሳቀስም አለ። ደግሜ ገፋሁ። ቀና ስል እትዬ በወዲያ በኩል እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እግራቸውን ተክለው፣ በሙሉ ክብደታቸው ወደ እኔ እየገፉ ይዘውታል። ራሳቸውን ነቀነቁ። አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «ተይ፣ አንቺ ልጅ፣ ተይ።» መብራቱ ወደ ቀይ ተመለሰ።

ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ይህ ነው፤ መብራቱ ሲቀላ ደስ አለኝ። እፎይ አልኩ። በልጅነቴ ከዱላ ያመለጥኩ ጊዜ እንደማደርገው ትንፋሼን ለቀቅሁ። ከዚያ አፈርኩ፤ እፍረቱ ግን ከደስታው በኋላ ነው የመጣው።

ወደ ልጅቱ ሮጥኩ። «እናትሽ እዚያ ናቸው፣ በመስታወቱ እይ!» አልኳት። አየች። ከዚያ ርቀት የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው።

«ለምን አትገባም?»

«ካርዳቸው አልሠራ ብሎ ነው።»

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አየችው። «አንቺ ቢጣቃ አለሽ አይደል? ክፈቺላ።»

«ልከፍት ነበር። እሳቸው ከለከሉኝ።»

እውነቱን ነው የተናገርኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን ምን እንደሆነ በፊቷ ላይ አየሁት።

«ማማ ከለከለችሽ?»

«አይደለም፣ ስሚኝ፣ ለእኔ ብለው ነው፣ እኔን እንዳያባርሩ…»

ፈታሹ ካርቶኑን ወደ ውስጥ ገፋው። «ያላ፣ ያላ!» ኋላዋ ሰው ተሰልፏል።

«ኻላስ» አለች። «ገባኝ።» ሄደች። አንዴም አልዞረችም።

በሩ ስላልተከፈተ ማሽኑ እንደ ወጣሁ አልቆጠረኝም፤ ስወጣ እትዬ በሩ ሥር ቆመዋል። «ምን አለች?» አሉኝ። «ሰላም በያት፣ ይቅር ትበለኝ አለች» አልኩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት» አሉ፤ አሁን ምርቃት ነበር፣ ግን ልጅቱ አልሰማችውም። በኋላ ሁሉንም ጽፌ ላክሁላት። ማንበቧ ታየኝ፤ መልስ አልሰጠችም። ለእትዬ ግን ውሸቴን አላረምኩም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው የእትዬን ካርድ አስተካከለ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነና ከውስጥ አወጣቸው። በቃ፣ ይህችን ታክል ነች።

በሩ ጋ ደረስን። ሁለታችንም ቆምን። እትዬ «ቅደሚ» አሉኝ፤ እንደ ድሮው ሊከራከሩኝ አይደለም። ካርዴን አስነካሁ፣ ገባሁ፣ ዞር ብዬ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ከወዲህ ቆሜ የእሳቸው መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቅሁ።