ከጓሳ ማዶ በእግሬ

ሽማግሌው በቅሎዋን አየት፣ እኔን አየት አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሉ፤ «ወገቧን አሟታል።»

እናቴ የምትኖረው ሣር ከለበሰው ከጓሳ ደጋ ማዶ ነው። ከማስተምርበት ከመሐል ሜዳ በመኪና ሄጄ ከወረድኩ በኋላ ሦስት ሰዓት በእግር ወይም በበቅሎ ይኬዳል። ጉልበቷ ስለከዳት እሷ ወደ ከተማ መምጣት ካቆመች ቆይታለች፤ ስለዚህ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ጎረቤቷ ናቸው፤ ሁልጊዜ መንገድ ዳር ድረስ በቅሎ ይዘው ይቀበሉኝ ነበር። የዚያን ዕለት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ በእግሬ ልሞክረው ብዬ የመጀመሪያውን ዳገት ሳላጋምስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ለእናቴ የያዝኩትን ስኳርና ሳሙና በሳቸው እጅ ልኬ ተመለስኩ። የመልስ መኪና ስጠብቅ ወገቧን የታመመችው በቅሎ ከወፍጮ ቤት ኩንታል ሙሉ የገብስ ዱቄት ተጭና ሽር ብትን እያለች ወጣች። ለካስ በሽታዋ እኔ ነበርኩ።

ተናደድኩ። መጀመሪያ በሽማግሌው፣ ቀጥሎ በበቅሎዋ፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ የሁለት ሰው ቦታ ስይዝ ደግሞ በራሴ።

ሁዳዴ እየደረሰ ስለነበር ጾሙ ያከሳኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጾምኩም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን የማቀርበው ዳቦና በዘይት የራሰ ፓስታ የሁለት ሰው ነበር፤ ለፋሲካ ያሰፋሁት ቀሚስ አልዘጋ አለኝ። ከዚያ የምግቡን ነገር ትቼ በእግር ጉዞ ሞከርኩ። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ደክሞኛል ብዬ ድፎ ዳቦውን በጠላ አወራርዳለሁ።

ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ያቆመችኝ ነርስ የድሮ ተማሪዬ ሆና ተገኘች። ጉዴን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «ቲቸር፣ ሁለት ክፍል ያለውን ጥያቄ ግማሹን ብቻ የመለሰ ግማሽ ነው የሚያገኘው ይሉን አልነበር? እርስዎ አንዴ ምግቡን ብቻ፣ አንዴ እግሩን ብቻ ነው የሠሩት። ሁለቱን አንድ ላይ ይያዙ።» ስንቱን ልጅ በዚህ ምክንያት ግማሽ ነጥብ አሸክሜ አስለቅሻለሁ መሰላችሁ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

እንጀራዬን በግማሽ ቀነስኩ፤ ጎመኑን እጥፍ አደረግኩ። የሽሮውን ዘይት ቀንሼ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ የምጨምረውን ስኳር ወደ አንድ አወረድኩ፣ ኋላም ጭራሽ ተውኩት። ሲርበኝ የባቄላ ንፍሮ እቆረጥማለሁ። የከበደኝ ረሃቡ አልነበረም፤ ሰው ቤት ስሄድ «በሞቴ» የሚሉኝ ናቸው።

እግሩን ደግሞ ከመሄድ ወደ መሮጥ አሳደግኩት። በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ ጋቢዋን ወገቧ ላይ አስራ የምትሮጥ ትልቅ ሴት ከታየች መርዶ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት እርሻ ላይ የነበረ አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ «ማን ሞተ?» እያለ ተከተለኝ። ትንፋሽ አጥሮኝ መልስ መስጠት አቃተኝ፤ ዝምታዬ ይብሱን አስደንግጦት ሚስቱን ተጣራ። ሁለቱም ደርሰው ሲከቡኝ እንደምንም «ማንም አልሞተም፤ ውፍረት ልቀንስ ነው» አልኩ። ሰውዬው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ለዚህማ እርፍ አለልሽ፤ ነይ ያዢልኝ» አለ። ሦስታችንም እስክንጠግብ ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር «ዛሬም ማንም አልሞተም?» ይለኝ ነበር።

ክረምቱን በጭቃና በጉም ውስጥ አላቋረጥኩም። መስከረም ላይ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት አንዴም ሳልቆም ወጣሁት። ጫፉ ላይ ሆኜ ልቤ ሲመታ ሰማሁ፤ ድካም ሳይሆን ደስታ ነበር። ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብዬ አይቼ እልል አልኩ።

ኅዳር እንደገባ ወደ እናቴ ተነሣሁ። ሽማግሌው በቅሎዋን ይዘው ቆመዋል። መጀመሪያ ሲያዩኝ አላወቁኝም፤ ሲያውቁኝ «ውጪባት ልጄ፣ ዛሬ ደኅና ናት» አሉ። ሻንጣዬን ብቻ ጫንኩና ቀደምኳቸው። የጓሳው ሣር ውርጭ ይዞ ያብለጨልጫል፤ እግሬ ራሱ ይጎትተኛል እንጂ እኔ አልጎትተውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሆኜ ያለፍኩትን አገር ያን ቀን ገና ረገጥኩት።

እናቴ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። አየችኝና በእጇ አፏን ያዘች። «ልጄን ምን በላብኝ?» ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ እያደረገች አለቀሰች። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ሐኪም ምን አለሽ?»

«አላመመኝም፤ ከሳሁ እንጂ። በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«በእግርሽ?»

ሽማግሌው እያለከለኩ ደረሱ። «ኧረ እኔንም በቅሎዋንም ጥላን ነው የመጣችው» አሉ።

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አየችኝ። «ስትወፍሪ እኔ ደስ ይለኝ ነበር» አለች፤ «ልጄ አማረባት እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። ለካ አንቺን ያስቀረብኝ ውፍረቱ ነው።»

ሳልመጣ የቀረሁባቸውን ወራት ሁሉ በስልክ «ሥራ በዛብኝ» ነበር የምላት።

በማግስቱ ስትሸኘኝ እንደ ወትሮው «መቼ ነው የምትመጪ?» አለችኝ። እንደ ወትሮዬ «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«ለኅዳር ሚካኤል» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። አሥር ቀን አይሞላም።