አማት ፊት የተሞላ «የለም»



ዛሬ ኦቾሎ መንደር ውስጥ ቤት ለቤት የእናቶች ጤና መረጃ ስሰበስብ ነበር። ከወለደች ሁለት ሳምንት የሆናትን ሴት፣ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ «ከወለድሽ ወዲህ ያመመሽ ነገር አለ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም፣ ደህና ነኝ።»

አማትየዋም «ልጄ ብርቱ ናት» አሉ። መልስ በምሞላበት ታብሌት ላይ «የለም» የሚለውን ነካሁ።

ልትሸኘኝ ስትነሳ የተቀመጠችበት ቁርበት በደም ርሷል። ግድግዳውን እንደያዘች ወደቀች።

ባሏ የሚሠራውን ሸማ ጥሎ መጣ። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አወረድናት። እጄን ይዛ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የወሊድ ደም ነው፤ በሽታ መች ነው?» አለችኝ።

አሁን አርባ ምንጭ፣ ሆስፒታል በር ላይ ቁጭ ብያለሁ። እስካሁን ወጥቶ የነገረን ሰው የለም።

ስልጠና ላይ «ለብቻቸው ጠይቁ» ተብለን ነበር። እኔ ጨዋዋ ግን አማትን ከገዛ ቤታቸው «ውጡልኝ» ማለት ነውር መሰለኝ።

አሁን ታብሌቱን ማየት ፈራሁ። ሰሞኑን አማት ፊት የሞላሁት «የለም» ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ነገ በየቤቱ ተመልሼ እጠይቃለሁ፤ እስከ ነገ እናቶቹ ምን እንደሚሆኑ ግን አላውቅም።

እናንተስ እህቶቼ፣ ሰው ፊት «ደህና ነኝ» ብላችሁ የዋጣችሁት ሕመም አለ? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማንም አጠገባችሁ ሳይኖር።